ከጀርባው ያልተነበበው ደብተር

ቴሌቪዥን ላይ ተጠርጣሪ ቀርቦ ጥፋቱን ሲናዘዝ ባየሁ ቁጥር ሰውየውን ትቼ ከካሜራው ጀርባ የቆመውን እፈልጋለሁ። ምን ተብሎ ተጠይቆ ነው እንዲህ የመለሰው? ጥያቄው የት ገባ? ስንተኛ ጊዜው ነው ይህን ሲል? ባለቤቴ በዚህ ጠባዬ ተሰላችታለች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ቤት ስለምውል ብሶብኛል፤ ዜና አንባቢውንም፣ የአየር ጠባይ ነጋሪዋንም እጠረጥራለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ መጠርጠር የጀመርኩት ግን ሌላ ሰው ካስመነጠርኩ በኋላ ነው።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነበር። በፈረንጆቹ 1998 ጀምሬ እስከ 2017 ድረስ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በፖሊስ ምርመራና በፍርድ ቤት የኢትዮጵያውያንን አማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ፣ የመርማሪና የዳኛውን ፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ ስመልስ ኖሬያለሁ። አባቴ በባቡር ሥራ ከድሬዳዋ መጥተው ካርቲየ 4 በሚባለው የከተማዋ ክፍል የሰፈሩ ሰው ነበሩ። እኔ እዚያው ተወልጄ ትምህርቴን በፈረንሳይኛ ተማርኩ፤ ቤት ውስጥ በአማርኛ ተመከርኩ፤ መንገድ ላይ በሶማልኛ ተሰደብኩ። ስሜ ተፈራ ነው። ቢሮ ስገባ በፈረንሳይኛው አቶ ለማለት ሙሴ ተፈራ ተባልኩ፤ ጅቡቲ ውስጥ ሸሚዙን የተኮሰ ሁሉ ሙሴ ነው። የሠራሁባቸውን ቢሮዎች ስም አልጠራም። ደመወዙም የሚወራለት አልነበረም።

በጀመርኩበት ዓመት የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ ዞሮ ከተማዋ በከባድ መኪና ሾፌር ተጥለቀለቀች። ሾፌር በበዛበት ግጭትና ጠብ ይበዛል፤ እኛም ሥራ አላጣንም። ቆየት ብሎ ደግሞ በእግራቸው በረሃውን አቋርጠው ወደ የመን የሚሻገሩት ወጣቶች መጡ። ሾፌሮቹ ይሳደባሉ፣ ይከራከራሉ፣ አለቃቸውን ይጠራሉ። ተጓዦቹ ግን የተባሉትን ሁሉ እሺ ይሉ ነበር። እሺ ባይ ሰው ለመርማሪ ይመቻል፤ ለአስተርጓሚ ግን አደገኛ ነው፤ ይህን ያስተማሩኝ ሙሴ ዑመር ናቸው።

ሙሴ ዑመር ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ ሶማሌ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ባቡር ጣቢያ ቲኬት ቆርጠዋል። አምስት ቋንቋ ይናገራሉ፣ በአምስቱም ቁጡ ናቸው። ምርመራ ክፍል ሲገቡ መሀል አይቀመጡም። ወንበራቸውን ጎትተው ከተጠርጣሪው ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ይቀመጣሉ። መሀል ከተቀመጥክ ሰውየው የሚመልሰው ለአንተ ነው፣ አንተ ደግሞ ዳኛ አይደለህም ይሉኝ ነበር። ጥያቄ ከመጀመሩ በፊት ተጠርጣሪውን ስለ አገሩ ያወሩታል፤ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነበር፣ ገበያው በምን ቀን ይውላል ይሉታል። መርማሪው ሰዓቱን ያያል፤ እሳቸው ጆሯቸውን ከሰውየው አነጋገር ጋር እያለማመዱ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጥያቄውን አይለቁም። እኛ ዘንድ የተጠርጣሪ ቃል የሚጻፍበት ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ መልሱ ብቻ ነበር የሚሰፍረው። አንድ ጊዜ ካርቲየ 4 ምግብ ቤት የሚሠራ ልጅ በስለት ወግተሃል ተብሎ ተያዘ። "ይህን ቢላዋ ታውቀዋለህ?" አሉት። "አዎ፣ የወጥ ቤታችን ነው" አለ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን "ቢላዋውን አውቀዋለሁ" የሚል ብቻ ነው፤ ሳይጠየቅ የተናዘዘ ይመስላል። ሙሴ ዑመር ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ጥያቄው ካልተጻፈ አልፈርምም አሉ። አለቃው ጮኸ። ጥያቄው ተጻፈ። ከሳምንት በኋላ ወጊው ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ሰነድ ሲሰጣቸው ደግሞ ከፊት አይጀምሩም። ገልብጠው ከመጨረሻው ገጽ ያነባሉ። ሰው ደብተሩ ፊት ላይ የሚጽፈው ሌላ ሰው እንዲያየው ነው፣ ጀርባው ላይ የሚጽፈው ግን ለራሱ ነው ይሉ ነበር። የተገነጠለ ገጽ ወይም ፎቶ ኮፒ ብቻ ከመጣ ዋናውን አምጡ ብለው እጃቸውን አጣምረው ይቀመጣሉ። አለቆች በዚህ ምክንያት አይወዷቸውም ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ሥራ ሲለቁ ወንበራቸው ለእኔ ደረሰ፤ እኔ ፈጣን ስለነበርኩ ቢሮው እፎይ አለ። ለፍጥነቴም ተመሰገንኩ፤ ምስጋናው ደስ ይለኝ ነበር።

የሰዓዳ ጉዳይ የመጣው ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ ነው። ከአምቡሊ ወንዝ ዳር አንድ ቤት ተከብቦ አሥራ ዘጠኝ ተጓዦች ተያዙ። ከመካከላቸው በዕድሜ ከፍ የምትለው ሰዓዳ ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ የወሎ ሴት። ከዚህ በፊት ዓረብ አገር ሠርታ ተመልሳለች፤ አሁን ለሁለተኛ ጊዜ እየሄደች ነው። መንገዱን ስለምታውቅ ልጆቹ እሷን እንደሚከተሉ ሁሉም ተናገሩ። ከጓዟ ውስጥ የተማሪ ደብተር ተገኘ። በዚያው ሰሞን ስለ ሕገወጥ ደላሎች ዶክመንተሪ የሚሠራ የአማርኛ ቴሌቪዥን ቡድን ከተማዋ ውስጥ ነበር። የጣቢያውን ስም መጥራት አልፈልግም፤ በሳተላይት ይገባል፣ የእኛ ሰው ምሳ የሚበላበት ቤት ሁሉ ያየዋል።

ኢንስፔክተሩ ዩኒፎርሙን አስተኩሶ መጣ። ሥራው ከሰባት ሰዓት በፊት እንዲያልቅ አስጠነቀቀን፤ በሰባት ሰዓት ጫት ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ቢሮ ውስጥ የሚገኘው ወንበር ብቻ ነው። ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ የቀሩት አሥራ ስምንቱ ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ። ሰዓዳን በበሩ አስገቧት። አዘጋጁ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ትሁት ጎልማሳ፣ ብርሃኑ አልተመቸኝም አለ። አስወጥተው እንደገና አስገቧት። በሦስተኛው ካቴናው ከፊት እንዲታይ ተደረገ። ፊልሙ ላይ ያያችሁት መያዟ ያ ነው፤ የተያዘችው ከአንድ ቀን በፊት ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ ይህን ሁሉ እያየሁ አልከፋኝም። እኔም ደላላ እጠላለሁ። ሆስፒታል ተጠርቼ በውኃ ጥም የተቃጠሉ ልጆችን ቃል ተርጉሜያለሁ፤ በረሃ ላይ ጥለዋቸው የሄዱትን ደላሎች ስም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ አንዲት ደላላ ተይዛለች ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ደስታዬም ዓይኔን ጋረደው።

ከደብተሩ የስድስት ገጽ ፎቶ ኮፒ ተሰጠኝ። በየገጹ የአንድ ተጓዥ ስም አለ፤ ከሥሩ የሌላ ሰው ስም፣ ስልክና መንደር። ወንበሬን ለካሜራው እንዲመች መሀል አድርገውልኝ ነበር። ኢንስፔክተሩ ጠየቀ፣ እኔ ወደ አማርኛ መለስኩላት።

"እነዚህ ከሥር የተጻፉት እነማን ናቸው?"

"የልጆቹ ሰዎች ናቸው" አለች።

"እናትና አባታቸው?"

"አይደሉም።"

"እናትና አባት ካልሆኑ ስማቸውን ለምን ያዝሽ?"

ሰዓዳ ግድግዳው ሥር ወደተቀመጡት ልጆች ዞር አለች። ከዚያ አንገቷን ደፋች። ኢንስፔክተሩ ጥያቄውን ደገመው፣ እኔም ደገምኩላት፤ ዝም አለች። ካሜራው ዝምታዋን እስኪጠግብ ቀረጸ። በኋላ ሙዚቃ ገብቶበት ሲታይ ከስንት ኑዛዜ ይበልጥ ነበር።

አዘጋጁ ወደ እኔ ዞረ። "ሙሴ ተፈራ፣ በዚህ ሥራ ረጅም ልምድ አለዎት። እርስዎ ምን ይላሉ፣ እነማን ናቸው?"

በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው እርስዎ ምን ይላሉ ብሎኝ አያውቅም ነበር። የሌላውን ሰው እኔ፣ እኔ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የራሴን ተጠይቄ አላውቅም። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"አገር ቤት ያሉ ደላሎች ናቸው። ልጆቹን እየመለመሉ የሚልኩላት" አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከዚያ ጠንከር ባለ ድምፅ ስሞቹንና መንደሮቹን አንድ በአንድ እንዳነብ ጠየቁኝ፤ አነበብኩ። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ጨርሰን ተበተንን።

ፊልሙ ሲተላለፍ ካርቲየ 4 ምሳ ቤት ነበርኩ። ድምፄን ሲሰሙ ሰዎች ወደ እኔ ዞሩ፤ አንዱ ሾፌር ተነስቶ ጨበጠኝ፣ እንዲህ ነው የአገር ልጅ አለኝ። ፍርድ ቤቱም ብዙ አልቆየም። ዐቃቤ ሕጉ አስተርጓሚው እንዳብራራው እያለ የእኔን ቃል ሁለት ጊዜ ጠቀሰ። ሰዓዳ ሦስት ዓመት ተፈረደባት። ምሳ ቤቱ ውስጥ ማንም አልተጠራጠረም፤ ሁሉም በዓይኑ አይቷል።

ሙሴ ዑመር አስጠሩኝ። ዓይናቸው እየጠፋ ስለነበር ፊልሙን ያዳመጡት እንጂ ያዩት አይደለም፤ ምናልባትም ለዚህ ነው ከሁላችንም የተሻለ የተረዱት። አሥር ሰዓት ላይ ስደርስ ቬንቲላተር ሥር ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን አልተቀበሉም።

"ጥያቄውን ሰማሁ። መልሷን ሰማሁ። ከዚያ የአንተን ሰማሁ። አንተን ማን ጠየቀህ?" አሉ።

አዘጋጁ አልኳቸው።

"ደብተሩን ከጀርባው አየኸው?"

ፎቶ ኮፒ ነው የሰጡኝ አልኩ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያላሰብኩትን ጠየቁኝ።

"አባትህ ድሬዳዋ ሲያርፉ ለአንተ ማን ነገረህ?"

አባቴ በስተርጅናቸው ወደ ድሬዳዋ ተመልሰው እዚያ ነው ያረፉት። የነገሩኝ ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ናቸው፤ በማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሰፈሩን ከኋላቸው አስከትለው መጡ። ስልኩ የተደወለው ጅቡቲ ለቀሩት ለእናቴ አልነበረም፤ ለእሳቸው ነበር። ከስንት ዘመን በፊት አባቴ ራሳቸው የእትዬ ብዙነሽን ቁጥር ለዘመድ ሰጥተው፣ ክፉ ነገር ከመጣ እዚህ ደውሉ ብለው ነበር። የእኛ አገር ሰው መርዶ ለእናት በስልክ አይነግርም። ለጎረቤት፣ ለአጎት፣ ለሽማግሌ ይነግራል፤ እነሱ ሰው ሰብስበው፣ ደግፈው ያረዷታል።

ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። እኔም አውቃለሁ። ኢንስፔክተሩ ባያውቅ አይፈረድበትም፤ አዘጋጁ ግን ያውቃል፣ ምሳ ቤት የጨበጠኝ ሾፌርም ያውቃል። ሁላችንም ደብተሩን ያየነው በካሜራው በኩል ስለሆነ አንዳችንም አላስታወስንም።

በማግስቱ መዝገብ ቤት ሄጄ ዋናውን ደብተር ለማየት ለመንኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ለረጅም ጊዜ ታውቀኛለች፤ እሷ እየተቆጣጠረችኝ እንዳነብ ፈቀደችልኝ። ገለበጥኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ሦስት ስሞች ተጽፈዋል። የመጀመሪያው ሰይድ ነው፤ የፊተኛው ገጹ ከተሰጡኝ ስድስት ኮፒዎች አንዱ ነበር። ከሥሩ "ከዲኪል ወዲህ፣ ከሁለቱ ትልልቅ ድንጋዮች መሀል ቀበርነው። ፊቱን ወደ ቂብላ አድርገነዋል። ለመምህር ሁሴን ይነገር" ይላል። የሌሎቹም ሁለቱ እንዲሁ፤ የት እንደተቀበሩ፣ ለማን እንደሚነገር። እያንዳንዱ ገጽ የመርዶ አደራ ነበር። ሰዓዳ ተደብቃ ስልክ የምታገኝበትን ቀን ስትጠብቅ ነው የተያዘችው።

እስር ቤት ሄጄ አገኘኋት። ያን ቀን ሌላ አስተርጓሚ አያስፈልገንም ነበር፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ምን ብዬ እንደምጀምር ቸገረኝ። ለምን እንዳልተናገረች ጠየቅኋት።

"ጋሼ፣ ልጆቹ አጠገቤ ተደርድረው ነበር" አለች። "ገና ባሕር ይሻገራሉ። ብትሞቱ ለማን ልንገር ብዬ ነው የያዝኩት ብዬ ፊታቸው ላውራ? ሟርት አይሆንባቸውም?"

እኔ ያን ቃል ስናገርስ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

"እርስዎ የአገሬ ሰው ነዎት። ገብቶዎታል፣ ለፈረንጅኛው የሚሉትን ይላሉ ብዬ ነበር። ሲናገሩ ስሰማ ምላሴ ደረቀ።"

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ስለ ራሷ ጉዳይ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም፤ የጠየቀችኝ ሦስቱን ስልኮች እንድደውል ብቻ ነበር። እናቶቻቸው እየጠበቁ ነው አለችኝ።

መጀመሪያ የደወልኩት ለመምህር ሁሴን ነው። እንደ ወጉ ሰላምታ አበዛሁ፣ አካባቢዎ ሰው አለ ወይ አልኳቸው። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ድምፅህን አውቀዋለሁ። ደላላ ነው ብለህ ስሜን በቴሌቪዥን ስትጠራ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ፖሊስ ጠርቶ ሦስት ቀን አስቀምጦኛል። ትምህርት ቤቱ አሰናብቶኛል።"

ይቅርታ ጠየቅሁ፤ የደወልኩት ስለ ሰይድ ነው፣ ልጁ አርፏል አልኩ።

"አሁን ደግሞ ሞተ ብለኸን ስናለቅስ ልትቀርጸን ነው?" አሉና ዘጉት። ሁለተኛ አላነሱም። የሌሎቹ ሁለቱ ስልኮች ከፊልሙ ወዲህ ተዘግተዋል።

ኢንስፔክተሩ ጋ ሄጄ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ላርመው አልኩት። ሕዝብ ያየውን ነገር አንተ እንዴት ታርመዋለህ አለኝ፤ በክፋት አይደለም፣ በእርግጥ ስለገረመው ነው። ለሰዓዳ ይግባኝ ተጠይቆላት ስለነበር ደብተሩን ከጀርባ እስከ ፊት ተርጉሜ ለይግባኙ ፍርድ ቤት አስገባሁ። ዳኛው አስቆሙኝና ያን ጊዜ ነበር የዋሸኸው ወይስ አሁን ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜም አልዋሸሁም፣ አስተርጓሚ ሆኜ ሳለ ምስክር ሆንኩ፣ ያውም ያላየሁትን አልኩ። ወረቀቱ ላይ ጥያቄያቸውም አብሮ እንዲጻፍልኝ ለመንኩ። ጻፉልኝ። ሰዓዳ በአሥራ አራተኛ ወሯ በነፃ ተለቀቀች፤ በዚያው ሳምንት በድንበር ወደ አገሯ ተሸኘች። እኔን ከምርመራ ክፍል አንስተው የመኪና ግጭት መዝገብ ላይ አስቀመጡኝ፤ ጡረታዬም እዚያው ደረሰ።

ለአዘጋጁ ደወልኩለት። በትህትናው ነው ያናገረኝ። "ጋሼ፣ ፊልሙ እኮ ተላልፏል፤ አሁን ብንመለስበት ተመልካቹን ግራ እናጋባዋለን" አለ። የፍርዱን ግልባጭ ላኩለት፤ ደርሶኛል አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ፊልሙ በሕዝብ ጥያቄ በድጋሚ ተላለፈ፤ የእኔ ማብራሪያ አንዲትም ቃል ሳትጎድል።

ሰዓዳ አገሯ ከገባች በኋላ አንድ ጊዜ ደውላልኛለች። የሦስቱን ልጆች መንደር በእግሯ ዞራዋለች። የሁለቱ ልጆች ቤተሰቦች ተገኝተው ሰምተዋታል፤ አልቅሰዋል፣ ሰደቃ አውጥተዋል። የሰይድ እናት ግን በራቸው ላይ አስቁመዋታል። ልጄን ሸጠሽ ሞተ ትያለሽ አሏት። መምህር ሁሴንም አጠገባቸው ነበሩ። ሰዓዳ የይግባኙን ወረቀት አውጥታ ብታሳያቸው ፈረንሳይኛ ሆነባቸው፤ ነፃ ወጥቻለሁ፣ ዳኛ ፈቶኛል ብላ ማለች።

"እንግዲያው ነፃ መውጣትሽ በቴሌቪዥን መቼ ነው የሚታየው አሉኝ እናቱ" አለች። "ምን ልበላቸው፣ ጋሼ?"

በስንት ዓመት የአስተርጓሚነት ዘመኔ ጥያቄ ተጠይቄ ለማንም ሳልመልስ የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የሰይድ እናት እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጡም አሉ። ልጃቸውን ለጠየቃቸው ሰው ሳውዲ ነው ይላሉ።